«የእሱ ጋሪ የትኛው ነው?» ከኦስቦርን እስከ ዊንዘር የአራት ቀን ጉዞ

ረቡዕ

እናቴ ከደብረ ታቦር ለንደን ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ዕድሜዋን በሙሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ በየዓመቱ ተማሪዎቿን አስከትላ ወደ ጋፋት ስትወጣ የኖረች ሴት ናት። ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴቫስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ያሠሩበት ኮረብታ ነው። የለንደንን ትልልቅ ሱቆች አንድ ቀን አዞርኳትና በቃኝ አለች። «እኔ ማየት የምፈልገው ዓለማየሁ ያረፈበትን ነው።»

ዊንዘር ከምኖርበት ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ በማግስቱ ልወስዳት እችል ነበር። ነገር ግን የአንድን ልጅ ታሪክ ከመቃብሩ መጀመር ደስ አላለኝም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ፣ እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት የቀረበበት ቤት ዛሬም ቆሞ አለ። ኦስቦርን ይባላል፤ አይል ኦፍ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ፣ ባሕር ቁልቁል የሚያይ ሰፊ መናፈሻ መካከል የተሠራ የንጉሣውያን ቤተሰብ የገጠር መኖሪያ ነው። «ከዚያ እንጀምር፤ መቃብሩን መጨረሻ ላይ እናያለን» አልኳት። ተስማማች።

ጠዋት ከዋተርሉ ጣቢያ ተነሥተን ሳውዝሃምፕተን ወረድን። ከዚያ ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግረው መኪና ጫኝ መርከብ ነፋስ በርትቶበት ዘገየና ወደብ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከቤት ያመጣችውን ዳቦ ከፌስታል አውጥታ ቆረሰችልኝ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ቢሆን ጾም የለም፤ ዶሮ ወጡንም በትንሽ ሰሃን ይዛ ነበር።

መሻገሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እናቴ ጣናን እንጂ ባሕር አታውቅም። ሶለንት የሚባለው ይህ ወሽመጥ በምድሪቱና በደሴቲቱ መካከል ያለ ጠባብ ባሕር ስለሆነ ወዲያ ማዶው ይታያል፤ እሷም «እንደ ጣና ነው» ብላ ተረጋጋች። መርከቡ ጫፍ ላይ ቆመን ብዙ ዝም ካለች በኋላ ጠየቀችኝ።

«በዚህ ነው ያመጡት?»

«እንግሊዝ አገር የደረሰው በፕሊመዝ ወደብ ነው፤ ወደ ምዕራብ ራቅ ይላል። ወደዚህች ደሴት ግን ይህንኑ ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው።»

«ከማን ጋር?»

«ከባሻ ፈለቀ ጋር።»

ስሙን ታውቀዋለች። ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ በጣም ረጅም እንግሊዛዊ መኮንን ነበር፤ የአገራችን ሰው ባሻ ፈለቀ ብሎ ይጠራው ነበር። መቅደላ የወደቀችው በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። እቴጌ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ትግራይ ውስጥ ታመው በግንቦት ወር ዐረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ። ባሻ ፈለቀ በአማርኛ ያናግረው ነበርና ከእሱ አልለይም አለ፤ ሌሊትም ያለ እሱ አይተኛም ነበር።

ማታ ኢስት ካውስ ከተማ ውስጥ አልጋና ቁርስ ከሚያከራይ ቤት ዐረፍን። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሐሙስ

ነፋሱ ሌሊቱን አልፎ ጠዋቱ ብራ ሆነ። ኦስቦርን ከከተማዋ በላይ ዳገቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ለእናቴ ጉልበት ብዬ በአውቶቡስ ወጣን። ከበሩ እስከ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በትልልቅ ዛፎች መካከል ያልፋል። ዛፎቹ ሲያልቁ ሁለት ረጃጅም ማማዎች ያሉት፣ ፈዘዝ ያለ ብጫ ቀለም የተቀባ ሰፊ ሕንፃ ፊት ለፊት ወጣ። እናቴ ቤተ መንግሥት ሲባል እንደ ፋሲል ግንብ ጥቁር ድንጋይ ነበር የጠበቀችው። ቆም ብላ አየችውና «ይሄማ የጣልያን ቤት ነው» አለች።

ልክ ናት። ጎንደር ፒያሳ ጣልያን ሠርቷቸው የሄደውን ብጫ ሕንፃዎች እያየች ስላደገች ዓይኗ አላሳታትም። ቪክቶሪያና ባሏ ልዑል አልበርት ይህን ርስት በ1845 ሌዲ ኢዛቤላ ብላችፎርድ ከምትባል ሴት ገዙ። ነባሩ ቤት ስለጠበባቸው አፍርሰው አዲስ አሠሩ። ከዚህ ኮረብታ ሶለንትን ቁልቁል ሲያይ አልበርት የኔፕልስ ባሕር ትዝ ስላለው ቤቱን በጣልያን መኳንንት ቤት አምሳል አደረገው። ንድፉን ያወጣው እሱ ራሱ ከቶማስ ኩቢት ጋር ሆኖ ነው። ኩቢት የለንደንን ሰፈሮች የገነባ ታዋቂ ሥራ ተቋራጭ ነበር። የመሠረቱ ድንጋይ በሰኔ 1845 ተቀመጠ፤ ቤተሰቡ በመስከረም 1846 ገባበት፤ የቀረው ክንፍ ተሠርቶ ያለቀው በ1851 ነው። ከሩቅ የተጠረበ ድንጋይ የሚመስለው ግድግዳ ቀርበው ሲያዩት ጡብ ላይ የተለሰነ ነው።

አስጎብኚዎቹ ስለ ጥበቡ ብዙ ያወራሉ። እኔ ግን ውስጥ ገብቼ ስዞር ከሁሉ በላይ የታየኝ ይህ ቤት ለልጆች የተሠራ መሆኑ ነው። ቪክቶሪያና አልበርት ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። ለንደንና ዊንዘር ያሉት ቤተ መንግሥቶች የመንግሥት ናቸው፤ ይህን ግን የራሳቸው፣ ሕዝብ የማይገባበት፣ ልጆቻቸው እንደ ልብ የሚሮጡበት ቤት እንዲሆን ብለው ነው የገዙት። የልጆቹ ክፍሎች ከወላጆቻቸው መኝታ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ናቸው፤ እናት ደረጃ ወጥታ ልጆቿን ታያለች ማለት ነው። ከፍ ያሉት የሕፃን ወንበሮችና ትንንሾቹ አልጋዎች ዛሬም እዚያው ተደርድረዋል።

ምድር ቤት ያለው የእንግዳ መቀበያ ግድግዳው፣ መጋረጃውና ወንበሮቹ ሁሉ ወርቃማ ብጫ ናቸው። ከእሱ ጋር በዓምዶች ብቻ ተለይቶ የቢልያርድ መጫወቻው ክፍል አለ። ንግሥቲቱ ባለችበት መቀመጥ ነውር ስለነበረ፣ ሹማምንቱ ከዓምዶቹ ጀርባ ሲሆኑ እዚያው አብረዋት እንዳሉ ተቆጥሮ፣ ነገር ግን ስለማታያቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት በጣም ወደደችው፤ የእኛም የግብር አዳራሽ መጋረጃ ሥራው ይኸው ነበር አለች።

ልቧን የነካት ግን ሌላ ነው። በመስታወት ውስጥ፣ በከፋይ ትራስ ላይ፣ ከነጭ እብነ በረድ የተቀረጹ ትንንሽ እጆችና እግሮች ተቀምጠዋል። ንግሥቲቱ ልጆቿ ሕፃናት ሳሉ እጅና እግራቸውን ሜሪ ቶርኒክሮፍት በምትባል ቀራፂ አስቀርፃ ያስቀረቻቸው ናቸው። አንደኛዋ እግር ከእናቴ መዳፍ አትበልጥም። ጣቶቹ እንደ ተኛ ሕፃን ጣት እጥፍ ብለዋል፤ ተረከዙ ሥር ያለችው የቆዳ ሽብሽብ እንኳ አልቀረችም። እናቴ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «እናት ናት» አለች ቀና ስትል። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ፎቅ ላይ በንግሥቲቱ የግል ክፍል ሁለት የጽሕፈት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የአልበርት። አልበርት በታኅሣሥ 1861 በ42 ዓመቱ ሞተ። እሷ ግን ጠረጴዛውንም የልብስ መልበሻ ክፍሉንም እንደነበሩ እንዲቆዩ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ዐርባ ዓመት ያህል ጥቁር ለብሳ ኖረች። በጥር 22 ቀን 1901 የሞተችውም በዚሁ ቤት፣ ከዚሁ ክፍል ቀጥሎ ባለው መኝታዋ ነው። እኔ ከጠረጴዛዎቹ ፊት መነሣት አቃተኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅነት ፈልገው ለቪክቶሪያ ደብዳቤ የጻፉት በ1862 መገባደጃ፣ አልበርት በሞተ በዓመቱ ገደማ ነው። ደብዳቤው በ1863 ለንደን ደርሶ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሡ ተናቅሁ ብለው ቆንስሉንና ሌሎቹን አውሮፓውያን አሰሩ። እሥረኞቹን ለማስፈታት ጦር መጣ፤ መቅደላም በዚያ ምክንያት ነደደች። አንድ ወረቀት በጊዜው መልስ ቢያገኝ ኖሮ ስንት ነገር ይቀር ነበር! በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስንትና ስንት ደብዳቤ እንደ ተፈረመ ሳስብ ሆዴ ተቃጠለ።

ደርባር የሚባለውን የህንድ አዳራሽ ፈጠን ብለን አለፍነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በላሆሩ ሊቅ ብሃይ ራም ሲንግ ንድፍ የተሠራ ነው። ጣሪያውና ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ነጭ ጌጥ ነው፤ ከእሳት ምድጃው በላይ ላባውን የዘረጋ ጣዎስ አለ። ሥራው የሚያስደንቅ ነው። ዓለማየሁ ግን አዳራሹ ከመታሰቡ በፊት ሞቷል፤ እኛም የመጣነው እሱን ፍለጋ ነውና ወደ መናፈሻው ወጣን።

ስለዚህ መናፈሻ በደንብ ልናገር። ከቤቱ ጀርባ መሬቱ በእርከን በእርከን ወደ ባሕሩ ይወርዳል። እርከኖቹ ላይ በመስመር የተተከሉ አበቦች፣ ሐውልቶች፣ የውኃ ፏፏቴዎች አሉ። ከታችኛው እርከን በኋላ ግን መስመሩ ሁሉ ያበቃና ተፈጥሮ ብቻዋን የሠራችው የሚመስል ሜዳና ደን ይጀምራል። ይህም ቢሆን የሰው እጅ ነው። አልበርት የትኛው ዛፍ የት እንደሚተከል አንድ በአንድ የወሰነው ራሱ ነበር፤ ማማው ላይ ወጥቶ በባንዲራ ምልክት እየሰጠ ሠራተኞቹን «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» ይል ነበር ይባላል። ከቤቱ ባሕሩ የሚታይበት ክፍተት እንዳይዘጋ፣ ግን ቤቱ ከመንገድ እንዳይታይ አድርጎ ነው ደኑን ያሰለፈው። ዛሬ ያ ችግኝ ሁሉ ግዙፍ ዋርካ አክሎ ቅርንጫፉ መሬት ይነካል። የሊባኖስ ዝግባ አለ፤ ክረምት ከበጋ ቅጠሉን የማያረግፍ ባሉጥ አለ።

ታችኛው እርከን ላይ አንድ ቁጥቋጦ አለ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ባርሰነት የሚለው ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ትንሽ፣ ጠንካራ፣ አንጸባራቂ ነው። በ1845 የአልበርት አያት ለቪክቶሪያ ከሰጡት እቅፍ አበባ ተቀንጥቦ የተተከለ ዘር መሆኑ ይነገራል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የንጉሣውያኑ ሙሽሮች በእቅፋቸው ውስጥ ከዚህ ዛፍ ቅንጣቢ ይይዛሉ። እናቴ የወደቀች አንዲት ቅጠል አንሥታ በጣቷ አሸችና አሸተተችው። «አደስ ነው!» አለች ደስ ብሏት። እኔ ፈረንጁ ዛፍ ሌላ ነው ብዬ ልከራከር ነበር፤ እሷ ግን ቅጠሉን አፍንጫዬ ሥር አቀረበችልኝ። ሙሽራ ጸጉሯን የምትቀባው ቅቤ ሽታ ነበር። በኋላ ሳጣራ አደስም ባርሰነትም አንድ ዓይነት ተክል መሆናቸውን አረጋገጥሁ። እኛ አገር ሙሽራ ጸጉር ላይ፣ እዚህ ሙሽራ እጅ ላይ።

ከቤቱ ወደ ምሥራቅ፣ ደኑን አልፎ፣ የስዊዝ ጎጆ የሚባል የእንጨት ቤት አለ። አረጋውያንን የሚያመላልስ ትንሽ አውቶቡስ ስለነበረ እናቴን በእሱ አሳፈርኳት። ጎጆውን አልበርት በ1853 እና በ1854 ለልጆቹ ያሠራው ነው። ማድቤቱ በልጅ ቁመት የተሠራ ነው፤ ምድጃው ከጉልበቴ ብዙም አይዘልም። ልዕልቶቹ እዚያ ምግብ ማብሰል ተምረው፣ እናትና አባታቸውን ጠርተው ሻይ ይጋብዙ ነበር።

ከጎጆው ጎን የአትክልት ቦታ አለ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ ነበረው፤ አትክልቱን፣ ፍራፍሬውን፣ አበባውን ራሱ ይተክላል፣ ራሱ ያርማል። አትክልተኛው ሥራቸውን አይቶ ሲመሰክር አባታቸው ምርቱን በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። ይህን ሳነብ አልበርትን ወደድኩት፤ የንጉሥ ልጅ ጎመን ተክሎ መሸጥ ከተማረ ድካም ምን እንደሆነ ያውቃል።

እዚያው መጠለያ ውስጥ የልጆቹ የእጅ ጋሪዎች ተደርድረዋል። ከአዋቂ ጋሪ አንድም ነገር አይጎድላቸውም፤ ከፊት አንድ እግር፣ ከኋላ ሁለት እጀታ፣ መሀሉ ላይ የእንጨት ሳጥን። ልዩነቱ መጠናቸው ብቻ ነው፤ እጀታው እናቴ ጉልበት ላይ ይደርሳል። በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም መጀመሪያ ፊደላት በቀለም ተጽፈዋል። ከጎን አካፋው፣ መቆፈሪያው፣ ሬኩ ሁሉ በልጅ ልክ ተሠርቶ፣ ሁሉም ላይ እንደዚሁ ምልክት አለ። ተማሪዎቿ ደብተር ላይ ስም ስትጽፍ የኖረች መምህር ናትና እናቴ ፊደላቱን በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ አስነበበችኝ። የቪክቶሪያ፣ የአሊስ፣ የአልፍሬድ፣ የሔለና፣ የሉዊዝ፣ የአርተር... ጨረስኩ ስል ዞር ብላ አየችኝ።

«የእሱ ጋሪ የትኛው ነው?»

«የማን?»

«የዓለማየሁ ነዋ።»

እናቴ ታሪኩን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ተሳስታ አይደለም የጠየቀችው። ዓለማየሁ በሐምሌ 1868 እዚህ ሲመጣ የንግሥቲቱ የመጨረሻ ልጅ ቢያትሪስ 11 ዓመቷ ነበር። ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻዋ ላይ ዓይኖቹ ውብ መሆናቸውን ጽፋለች፤ ልጁን እንደ ወደደችውና ከዚያ በኋላም ደጋግማ እንዳየችው የታወቀ ነው። ግን ተመልሶ የሄደው ከባሻ ፈለቀ ጋር ነው፤ ይህን የመሰለ መደብ፣ ይህን የመሰለ ስም ያለበት አካፋ አልነበረውም።

«የለም እማዬ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ከመጠለያው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ መደቦቹን ስታይ ቆየች። አሁንም ይተከልባቸዋል፤ ባቄላው በእንጨት ተደግፎ አድጓል፣ እንጆሪው አብቧል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። ንግሥቲቱ ሰው ሳያያት ወደ ውኃው የምትገባበት ባለ መንኮራኩር የእንጨት ክፍል እዚያ ቆሟል፤ እሷ ከሞተች በኋላ የዶሮ ቤት ሆኖ ነበር፤ ኋላ ታድሶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቤቱ ራሱም እንዲሁ ብዙ አይቷል። ልጇ ኤድዋርድ ሰባተኛ በ1902 ለሕዝብ ሰጠው፤ ከ1903 እስከ 1921 ለባሕር ኃይል ዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት፣ ለታመሙ መኮንኖችም ማገገሚያ ሆነ። የንግሥቲቱ የግል ክፍሎች ለጎብኚ የተከፈቱት በ1954 ነው። አሁን የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ነው።

ውኃው ዳር ቆመን ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሳይ ቤቱ ከዛፎቹ በላይ ማማዎቹ ብቻ ይታዩ ነበር። ዓለማየሁ ሲመጣ ዛፎቹ የሃያ ዓመት ግድም ወጣቶች ነበሩ። ልጁ የተወለደው በሚያዝያ 1861 ነው፤ ተካያቸው አልበርት የሞተበት ዓመት።

ዓርብ

በኒውፖርት በኩል አውቶቡስ ቀይረን ወደ ደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ፣ ፍሬሽዋተር ሄድን። መንገዱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት።

ፍሬሽዋተር የመጣነው ስለ ሁለት ቤት ነው። የመጀመሪያው አፍተን ማነር ነው፤ ያር በምትባለው ወንዝ አጠገብ ያለ ጥንታዊ የባላባት ቤት። ባሻ ፈለቀ ያገባት ኮርኔሊያ ኮተን የዚህ ቤት ልጅ ነበረች፤ የተጋቡት በታኅሣሥ 1868 ነው። ዓለማየሁ በዚያ በጋ በዚህ ሰፈር ከባሻ ፈለቀ ጋር ነበር። ቤቱ የግል ስለሆነ ከመንገድ ሆነን ዛፎቹን አይተን አለፍን።

ሁለተኛው ዲምቦላ ነው፤ የጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ቤት። ፎቶግራፍ ገና ልጅ ሳለ፣ እሷ በ48 ዓመቷ ካሜራ ይዛ ከዘመኑ ታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዷ ሆነች። ከ1860 እስከ 1875 እዚህ ኖራለች፤ ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ባለቅኔው ቴኒሰን ጎረቤቷ ነበር። ደጁ ላይ የጂሚ ሄንድሪክስ ሐውልት መኖሩ እናቴን ግራ አጋባት፤ በ1970 እዚያ አፍተን ኮረብታ ሥር በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ በዓል ላይ ስለተጫወተ ነው።

ካሜሮን በሐምሌ 1868 ዓለማየሁን ከባሻ ፈለቀ ጋር ፎቶ አነሣችው። እኔ የፎቶውን ቅጂ ከለንደን አሳትሜ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ ወንበር ይዘን ለእናቴ አወጣሁላት። ያን ጊዜ አንድ ፎቶ ለማንሣት ብዙ ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ግድ ነበር። ልጁ አልተነቃነቀም፤ አልሣቀምም። ፊቱን ዐይታ «የደከመው ልጅ ነው» አለች። መነጽሯን አውልቃ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሳይ አውቀዋለሁ። ክፍል ውስጥ ስንቱን አይቻለሁ።» ፎቶውን መልሳ አልሰጠችኝም፤ በመጽሐፏ መካከል አስገብታ ያዘችው።

ወደ ባሕሩ ስንወርድ ቅድስት አግነስ የምትባል፣ በ1908 የተባረከች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አገኘን። ክዳኗ ሣር ነው። እናቴ ከሩቅ አይታ እግሯን አፈጠነች፤ ደጃፏ ላይ ቆማ ተሳለመች። ማታ በመጨረሻው መርከብ ወደ ሳውዝሃምፕተን ተሻገርን።

ቅዳሜ

ዊንዘር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ መቅደስ በጎብኚ ተጨናንቆ ነበር። ነገሥታቱ ወለሉ ሥር ናቸው፤ ሰው ሁሉ የንግሥት ኤልሳቤጥን መቃብር ለማየት ተሰልፏል።

በባቡር ስንመጣ የቀረውን ታሪክ ነግሬያት ነበር። ባሻ ፈለቀ ሥራ አግኝቶ ወደ ህንድ ሲሄድ ዓለማየሁን ይዞት ሄደ። ኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ ተመልሶ እንግሊዝ አገር ይማር ብሎ ወሰነ። ቪክቶሪያ ተቃውማ ነበር፤ ባሻ ፈለቀም ተቃውሞ ነበር። ልጁ አማርኛ ከሚያናግረው ሰው ተለየ። ቼልተንሃም፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት የመኮንኖች ትምህርት ቤት ተዘዋወረ፤ መጨረሻ ሊድስ ከተማ ሳለ ሳንባው ታመመ። በኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። ቪክቶሪያ በዚያ ቀን ማስታወሻዋ ላይ፣ በሰው አገር፣ የእኔ የሚለው አንድ ዘመድ እንኳ ሳይኖረው ብቻውን መሞቱን በሐዘን ጽፋለች። እዚህ እንዲቀበር ያደረገችው እሷ ናት። አጽሙ ያለው ከቤተ መቅደሱ ጎን፣ ከምድር በታች ባለ የጋራ መቃብር ውስጥ ነው። አጽሙ ለአገሩ ይመለስ ብሎ የኢትዮጵያ መንግሥት በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጊዜ ጠየቀ። በ2023 ጥያቄው ዳግም ሲነሣ፣ የሌሎቹን አጽም ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ተብሎ ከቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት መልስ ተሰጠ።

ንግሥቲቱ ያስቀመጠችለት የናስ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ነው። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። «ምን ይላል?» አለች እናቴ። ስሙን፣ የልደቱንና የሞቱን ቀን አነበብኩላት፤ ቀጥሎ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደውን ቃል።

«እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ብላ እሷው ጨረሰችው።

ከመጽሐፏ ውስጥ ፎቶውን አወጣች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ፎቶውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቀስ ባለ ድምፅ «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመረች። ሰልፉ በጎናችን ማለፉን ቀጠለ። ጥቂት ሰዎች ቆም ብለው እሷ የምታየውን ማየት ጀመሩ። በዕድሜ የገፉ አንድ አስተናጋጅ ወደ እኛ ሲመጡ ሳይ መንገድ ዘግተናል ሊሉን ነው ብዬ ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጀሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣምረው ጸሎቷን እስክትጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ምን አሉ?» አለችኝ እናቴ።

«ዘመዶቹ ናችሁ ወይ እያሉ ነው።»

ፎቶውን አየችው፤ ግድግዳውን አየችው።

«አዎ በላቸው» አለች።

እንዳለችኝ አልኳቸው።